ልጆችን ይዞ ለጊፋታ ወደ ጉኑኖ

ልጆችዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ለጊፋታ ወደ ጉኑኖ ሊወርዱ አስበው እንደሆነ ከሻንጣው በፊት የሚዘጋጅ ነገር አለ። ጉኑኖ ከወላይታ ሶዶ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወላይታ ዘመን መለወጫ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ሲውል፣ በየአገሩ የተበተነው ዘመድ ሁሉ እንሰት ወደከበበው የአባቱ ግቢ ይመለሳል። ወንዶቹ ለሰንጋው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ሲያጠራቅሙ ከርመዋል።

ስለ ምግቡ አይስጉ፤ ከእንሰት በቅቤ የሚሠራው ሙቹዋ ለልጅም ይስማማል። ጥሬ ሥጋውን ግን ልጆችን አያቅምሱ፤ ኮሶ ያመጣል። አያት ቅር ቢላቸውም በትሕትና ጠይቀው ያስጠብሱ። ዝናቡ ገና አያባራምና ሹራብና ቅያሪ ጫማ ይያዙ።

ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋው ነው። በአማርኛ ብቻ ያደገ ልጅ፣ ወላይትኛ ብቻ በሚናገሩ አያቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ማየት ያሳዝናል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የእኛ የወላጆች ነው። ስለዚህ ገና ከቤት ሳይነሡ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ መስጠትን፣ «ጋላታይስ» ብሎ ማመስገንን፣ ለበዓሉም «ዮ ዮ ጊፋታ» ማለትን ያለማምዷቸው። አውቶቡስ ውስጥም ይደጋግሙት፤ መንገዱ ረጅም ነው።