ስለ ጭነት አወራረድና አጫጫን፤ ከአባይ በረሃ እስከ ደብረ ማርቆስ

ወደ ጎጃም የሚወጣ መንገደኛ ስንቁንና ልብሱን ካሰናዳ በኋላ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ይኸውም ጭነቱን መመርመር ነው። አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ሲጭን ከዕቃው ዋጋ አስቀድሞ የሚመለከተው የግራውና የቀኙ ክብደት መተካከሉን፥ መደላድሉም የበቅሎይቱን ጀርባ የማይልጥ መሆኑን ነበር። ዛሬ በዚሁ መንገድ በሞተር ብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች አሉ፤ ከኋላው ጎማ በግራና በቀኝ የሚሰቀሉት ጠንካራ ሣጥኖችም የጥንቱ ስልቻ ምትክ ናቸው። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። ስለዚህ እነዚህ ሣጥኖች እንዴት እንደሚወርዱና እንዴት ተመልሰው እንደሚጫኑ፥ መንገዱንም ጭምር እያሳየን፥ ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰላሌን ሜዳ አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ምድሩ በድንገት ይቈረጥና የአባይ ሸለቆ ከእግራችን በታች ይከፈታል። ከዚያ እስከ ወንዙ ያለው ቍልቍለት ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ነው፤ የደጋው ብርድ እየቀረ ሄዶ ከታች የበረሃው ወበቅ ይቀበለናል። በወንዙ ላይ ከቀድሞው ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የተመረቀው አዲስ ድልድይ ይታያል። የሸለቆው አፈር ግን ዘወትር የሚንሸራተት ስለ ሆነ አስፋልቱ በየቦታው እንደ ማዕበል ተጥፏል። መንኰራኵሩ ከዚህ እጥፋት ላይ በነጠረ ቍጥር ንዝረቱ ሁሉ የሚያርፈው ሣጥኑን በያዙት ጥቂት ብሎኖች ላይ ነው። አንዱ ብሎን ረግቦ ሣጥኑ ወደ ጎማው ቢያዘነብል፥ ወይም በጠመዝማዛው ላይ ተነቅሎ ቢወድቅ፥ የሚጎዳው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የነጂውና ከኋላ የሚመጣው ሰው ሕይወት ጭምር ነው።

ሣጥኑን ማውረድ የሚያስፈልግበት ምክንያት ብዙ ነው። የኋላው ጎማ የተነፈሰ እንደ ሆነ፥ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ወይም ፍሬኑን ማየት የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ሣጥኑ ሳይወርድ እጅ በደንብ አይገባም። ማታም ማደሪያ ሲደረስ ዕቃውን ወደ ቤት ማስገባት ይገባል፤ በቅሎ ጭነቷ ሳይራገፍላት እንደማታድር ሁሉ ሞተር ብስክሌቱም ተራግፎ ቢያድር ጠዋት ለመመርመር ይመቻል።

አወራረዱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሞተር ብስክሌቱን በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ መቆሚያው ወደ ለስላሳ አፈር የገባ እንደ ሆነ ሣጥኑ ሲነሣ ሚዛኑ ተዛብቶ ይወድቃልና። ቀጥሎ ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ነው፤ ማርሚታው ከሣጥኑ ሥር የሚያልፍ ስለ ሆነ ለቸኰለ ሰው እጅ አይራራም። ከዚያ በኋላ ከባዱን ዕቃ አውጥቶ ሣጥኑን ማቅለል ይገባል። አንዳንዱ ሣጥን ከውጭ በቁልፍ የሚለቀቅ ነው፤ አንዳንዱ ግን ክዳኑ ሲከፈት በውስጥ በኩል በሚገኙ ብሎኖች የታሰረ ነው። መብራት ያለበትም እንደ ሆነ ሽቦውን አስቀድሞ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ብሎኑ ሲፈታ አንድ እጅ ሣጥኑን ከሥሩ ደግፎ መያዝ አለበት፤ የመጨረሻው ብሎን በወጣ ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣልና። ከዚያም ጥቂት ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ውጭ መሳብ ነው። የተፈታው ብሎንና ሮንዴላ በሣር ላይ አይጣልም፤ በጨርቅ ተቋጥሮ በዚያው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ሣጥኑ ከወረደ በኋላ የሚያርፍበትን ብረት መመልከት ይገባል። በብረቱና በሣጥኑ መካከል ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ እነዚህ ለሞተር ብስክሌቱ እንደ በቅሎ መደላድል ናቸው። መደላድሉ ያለቀ እንደ ሆነ በቅሎይቱ ትገጠባለች፤ ጎማው ያለቀ እንደ ሆነም ብረት ከብረት ተፋጭቶ ሣጥኑ ይሰነጠቃል። የተቀደደውን በዚያው ጊዜ መለወጥ እንጂ ለነገ ማለት አይገባም።

አጫጫኑም እንደዚሁ ሥርዐት አለው። የግራው ሣጥን በግራ፥ የቀኙም በቀኝ መሆኑን አይቶ፥ ጭቃውን ከብረቱ ላይ ጠርጎ፥ ሣጥኑን በቀለበቶቹ ላይ በቀስታ ማሳረፍ ነው። ብሎኖቹ ሁሉ አስቀድመው በጣት ይግቡ፤ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ ያጠበቀ ሰው የቀሩት ከቀዳዳቸው ጋር አይገጥሙለትም። ሁሉም ከገቡ በኋላ ጥቂት በጥቂት፥ በየተራ ይጥበቁ፤ ከልክ ያለፈ ኃይል ግን የሣጥኑን ግድግዳ ይሰነጥቃል። አልገጥም ያለውን ሣጥን በቡጢ የሚመታ ሰው አለ፤ ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተጣመመው ብረት ወይም የተጠራቀመው ጭቃ ነውና። በመጨረሻ ሣጥኑን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ፥ ከጎማውና ከማርሚታውም መራቁን ማየት ያስፈልጋል። ጥቂት ከተኬደ በኋላም ወርዶ ብሎኖቹን እንደገና መሞከር የብልህ ሥራ ነው።

ክብደቱን በሚመለከት፥ ሁለቱ ሣጥኖች መተካከል አለባቸው፤ ከባዱ ዕቃ ከታችና ወደ ነጂው ተጠግቶ፥ ቀላሉ ከላይ ይቀመጥ። ሠሪው ከወሰነው ክብደት ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም።

ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል የጎጃም ምድር ራሱ ምስክር ነው። በ1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው በገቡ ጊዜ የጦሩን ስንቅና መሣሪያ የተሸከሙት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ግመሎች ነበሩ። ግመል የቆላ ፍጥረት ነው፤ የዳገቱ ድካም፥ የደጋው ብርድና የጭነቱ ክብደት ተባብረው ከእነዚያ ግመሎች የሚበዙትን በመንገድ አስቀሩአቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ድሉም ተገኘ፤ ነገር ግን የእነዚያ እንስሳት አጥንት ተሸካሚውንና መንገዱን ሳያመዛዝኑ መጫን ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ያስተምራል።

ከአባይ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በሉማሜ በኩል የጤፉን ማሳ እያየን እንሄዳለን። በሰሜን በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይታያል። በገበያ ቀን መንገዱ እህል በጫኑ አህዮችና በገበያተኛ ይሞላል። ሣጥን የጫነ ሞተር ብስክሌት ከነጂው ትከሻ የሚሰፋ ስለ ሆነ፥ ነጂው ራሱ ያለፈ ሲመስለው ሣጥኑ የአህያዋን ጭነት ወይም የሽማግሌውን ጕልበት ሊመታ ይችላል፤ ስለዚህ ዝግ ብሎ፥ ራቅ ብሎ ማለፍ ግዴታ ነው።

እንዲህ ስንጓዝ በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የንግሥ ዘውድ የተቀበሉት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ወደ ነበረችው፥ ቀድሞ መንቆረር ትባል ወደ ነበረችው ደብረ ማርቆስ እንገባለን። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ማታው ይበርዳል፤ መንገደኛው ግን ወደ እሳቱ ከመቅረቡ በፊት ጭነቱን ያራግፍ።

እንግዲህ ወላጆች ልጆቻቸውን ሞተር ብስክሌት መንዳት ሲያስተምሩ፥ ከፍጥነቱ አስቀድመው መጫንና ማራገፍን ያስተምሩአቸው ዘንድ እናሳስባለን። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በአባይ ቍልቍለት ላይ የፈሰሰው ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። መንገደኛ የአገሩን ሰላም ጠይቆ፥ ብሎኑን በእጁ ነክቶ፥ ሚዛኑን አይቶ ይነሣ።