ማታ ተሰናድቶ ጧት ስለሚጋገር የዳቦ ቁርስ

በቤት አስተዳደር ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ትልቁን ጉዳይ ተሸክሞ ይገኛል። ያደረ ዳቦ ከነዚህ አንዱ ነው። ትናንት ትኩስ ሆኖ ሲቈረስ ቤቱን በመዓዛው የሞላው ዳቦ፥ ዛሬ ጧት ደርቆና ጠንክሮ ሲገኝ ልጆች ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ ሽማግሌዎችም ለጥርሳቸው ይፈሩታል። ከዚህ በኋላ ዕድሉ ወይ ለዶሮ መበተን ወይ መጣል ነው። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን፥ ነገሩን በለመድነው ቃል እንድንናገረው ይፈቀድልንና፥ በደረቀ ዳቦ ላይ ፍርድ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ይግባኙ ሊሰማለት ይገባል እንላለን። ከዳቦውም ይግባኝ ጋራ፥ በየቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ሰው ጉዳይ አብሮ ይታያል።

በመጀመሪያ ዳቦ ስለምን እንደሚጠነክር ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ስላለቀ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቡሴንጎ የተባለው የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ውሃው እንዳይወጣ ተደርጎ የታሸገ ዳቦም ቢሆን ይጠነክራል፤ መልሰው ቢያሞቁት ደግሞ ይለሰልሳል። ምክንያቱም በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች በምድጃ ሙቀት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይላላል፤ ዳቦው ሲበርድ ግን ቀስ በቀስ እንደ ገና እየተደረደረ ይጠነክራል። ስለዚህ ሻጋታ ካልያዘው በቀር፥ ያደረ ዳቦ የተበላሸ ዳቦ አይደለም፤ ርጥበትና ሙቀት የሚጠብቅ ዳቦ ነው። እንዲያውም ትኩስ ዳቦ በወተት ውስጥ ብዙ ሲቈይ ይሟሟና ወደ ሊጥነት ይመለሳል፤ የደረቀው ግን ወተቱን እየጠጣ ቅርጹን ይጠብቃል። ጕድለቱ ለዚህ ሥራ ሙያው ሆነለት ማለት ነው።

ይህን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። በአፒኪዩስ ስም የሚጠራው የሮማውያን የወጥ ቤት መጽሐፍ፥ ነጭ ዳቦ ቅርፊቱ ተልጦና በትልልቁ ተቈርሶ በወተት ከተነከረ በኋላ፥ በዘይት እንዲጠበስና ማር እንዲፈስበት ያዛል። ፈረንሳዮች በእንቁላልና በወተት ተነክሮ የሚጠበሰውን ዳቦ «ፓን ፔርዲዩ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የጠፋ ዳቦ» ማለት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ቃል ስንማር፥ የጠፋው ዳቦ እንዴት በገበታ ላይ ተገኘ እያልን ከጓደኞቻችን ጋራ መሳቃችን ትዝ ይለናል። ጀርመኖች ደግሞ «አርመ ሪተር» ይሉታል፤ «ድኾች ፈረሰኞች» እንደ ማለት ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ፥ ማዕርግ ያለው ሰውም ቢሆን ያደረ ዳቦውን ሳይጥል መብላቱ ነውር እንዳልሆነ ያስተውላል። በእኛም አገር የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ ይቀመጥና በወጥ ተፈርፍሮ ይበላል፤ እናቶቻችን ይህን ለማወቅ ከማንም አልተማሩም።

በአዲስ አበባ ሆቴሎች ይህ ምግብ ፍሬንች ቶስት በሚባለው ስሙ ይታወቃል። ነገር ግን በመጥበሻ ሲሠራ አንድ ችግር አለበት። ቁራሾቹ በየሁለቱና በየሦስቱ እየተነከሩ ስለሚጠበሱ፥ የሚሠራው ሰው ከምድጃው ሊለይ አይችልም። ሌሎቹ ተቀምጠው ትኩሱን ሲበሉ እርሱ ቆሞ ያገላብጣል፤ በመጨረሻም ለራሱ የቀዘቀዘው ይደርሰዋል። በአሜሪካ አገር ብዙ ቤተ ሰቦች ለዚህ መፍትሔ አድርገው የያዙት ነገር ቢኖር፥ ዳቦውን ማታ በአንድ ትሪ ላይ ደርድሮ፥ የእንቁላሉንና የወተቱን ውሁድ አፍስሶበት፥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደርና ጧት መላውን ትሪ በመጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ማስገባት ነው። በተለይም የልደት በዓል ጧት በብዙ ቤት ይቀርባል።

እኛም ይህን ያየነው በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከምትኖረው ታናሽ እኅታችን ቤት በእንግድነት በሰነበትን ጊዜ ነው። ከተማዪቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት። እኅታችን በሐኪም ቤት ሌሊት ሌሊት በአስታማሚነት ትሠራለች፤ ባለቤቷ ሰው በመኪና እያመላለሰ ያድራል፤ ሁለቱ ልጆች ጧት ለትምህርት ይወጣሉ። በአንድ ቤት አራት ሰዎች ይኖራሉ፤ ሰዓታቸው ግን አራት ነው። ዓርብ ወደ ማታ፥ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የሳምንቱን ትርፍ ዳቦ ሰብስባ ትነክርና ትሪውን በማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጣለች። ቅዳሜ ጧት በ1 ሰዓት ሥራዋን ስትፈጽም ለታላቁ ልጇ ስልክ ትደውላለች፤ እርሱም ተነሥቶ ትሪውን ወደ ምድጃ ያስገባል። በሩን ስትከፍት የቀረፋው መዓዛ ይቀበላታል፤ ባሏም ደርሶ ይሆናል፤ አራቱም አብረው ይበላሉ። ከዚያ በኋላ መጋረጃውን ስባ ትተኛለች። ስለ ሙያዋ ባመሰገንናት ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ይህን የምሠራው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ልጆቼን በቀን ብርሃን፥ በገበታ ዙሪያ ሰብስቤ እንዳያቸው ነው» አለችን። ይህን ቃል ይዘን ወደ አገራችን ተመለስን።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ለ8 ሰው የሚበቃ እንዲሆን፥ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት የተጋገረ ዳቦ 450 ግራም ያህል ይመዘናል። የፉርኖ ዳቦ ወይም ከበዓል የተረፈ ድፎ ዳቦ ይሆናል፤ ድፎው ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ የገባበት ከሆነ ግን ቀረፋውን መቀነስ ይገባል። ዳቦው በአውራ ጣት ጫፍ ልክ ይቈራረጥና ቅቤ በተቀባ፥ ወርዱ 23፥ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጠለቅ ያለ ትሪ ላይ ይደረደራል። ከዚህ በኋላ 8 እንቁላል በደንብ ይመታና 600 ሚሊ ሊትር ወተት፥ 100 ግራም ስኳር፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባበታል። ወተቱ የሚፈላ ሳይሆን ቀዝቃዛ ይሁን፤ የፈላ ወተት እንቁላሉን ያረጋዋልና። ውሁዱ በዳቦው ላይ በእኩል ይፈስና፥ ላይ ላዩ ደርቆ እንዳይቀር በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይጫናል። ከዚያም ተከድኖ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል።

ጧት ምድጃው እስከ 180 ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ ትሪው ከማቀዝቀዣው ወጥቶ ጥቂት ይቈያል። ትሪው የብርጭቆ ከሆነ ይህ መቈየት ግድ ነው፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በድንገት ከብርቱ ሙቀት ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላልና። 50 ግራም የገበታ ቅቤ በትንንሹ ተቈራርጦ ከጥቂት ስኳር ጋራ በላዩ ይነሰነስና ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይጋገራል። ላዩ ቶሎ ከጠቈረ በወረቀት ወይም በክዳን ይሸፈናል። መብሰሉ የሚታወቀው መካከሉ አብጦ ሲነሣ፥ በቢላዋ ሲወጉትም ፈሳሽ ሳይወጣው ሲቀር ነው። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው፥ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ለእንቁላል ምግቦች እንደሚመክረው፥ መካከሉ 71 ዲግሪ መድረሱን ይመልከት። ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል እንዲረጋ ይተውና ማር ፈስሶበት ይቀርባል። አሜሪካኖች ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ፈሳሽ የተነጠረውን ሽሮፕ ያፈሱበታል፤ ማር ላለው አገር ግን ይህ የሚያስቀና አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛው፥ ጥሬ እንቁላልና ወተት የገባበት ነገር ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ሊቀመጥ አይገባም፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሞቆ ካደረ፥ ኪሣራውን ታግሦ መጣል ከሕመም ይሻላል። መብራቱ ጧት ብቻ የጠፋ እንደ ሆነ ግን፥ የተነከረውን ዳቦ በመጥበሻ በከሰል ምድጃ ላይ አብስሎ መብላት ይቻላል። ሁለተኛው፥ እንቁላልና ወተት ስላለበት በጾም ቀን የሚበላ አይደለም። ዓርብ ማታ የሚያሰናዳውም ሰው ለመቅመስ አይችልምና፥ ጨውንና ስኳርን በእጅ ግምት ሳይሆን በመስፈሪያ መያዝ ይበጀዋል። እሑድ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ቤተ ሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ትሪው ወደ ምድጃ ይገባል፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ቢኖር ጨዋታው ሳያልቅ ገበታው ይደርሳል።

በእኛ ቤት ይህን ሥራ ዓርብ ማታ የምንፈጽመው እኛና ልጆቻችን ነን። ወንድ ልጅ እንቁላል ሲመታ ያየ እንግዳ ጥቂት ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን የሰው መዝገብ ሳይሳሳት ሊጽፍ የሚችል እጅ 600 ሚሊ ሊትር ወተት ሊሰፍር አያቅተውም። እናታችን ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ደረቅ ዳቦ ማኘክ ትተው ነበር። መጀመሪያ በቀረበላቸው ቀን ጐርሰው ዝም አሉ፤ ደግመው ጐርሰው፥ «ልጄ፥ ይህማ የዳቦ ፍርፍር ነው። ስሙን ብቻ ባሕር ማዶ አድርሳችሁ መለሳችሁት» አሉን። ሦስተኛውን ጕርሻ ግን ሳይጠየቁ አነሡ።

ከዚህ የበለጠ በልባችን የቀረው የሌላ ሰው ነገር ነው። በቤታችን የምታግዘን ከጎጃም የመጣች ልጅ፥ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በ3 ሰዓት ትመለሳለች፤ ደብተሯን ይዛ ታመሻለች፤ ሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቁርስ ለማሰናዳት ትነሣለች። ትሪውን ማሳደር በጀመርንበት የመጀመሪያ ቅዳሜ፥ ማንም ሳይቀሰቅሳት ፀሐይ ወጣች። ልጅቱ ደንግጣ፥ ነጠላዋን በእጇ እንደ ያዘች ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች፤ ሴት ልጃችንም ትሪውን ወደ ምድጃ አስገብታ ቆማ አገኘቻት። ልጅቱ ወደ ባለቤታችን ዘወር ብላ፥ «እትዬ፥ ምን አጠፋሁ?» ብላ ጠየቀች። ያንጊዜ ያልተቀሰቀሰችው ተቈጥተንባት መስሏት ነበር። ባለቤታችንም፥ «ምንም አላጠፋሽም፤ ዛሬ ቁርሱ ማታ ተሠርቷል፤ ቁጭ በይና ከኛ ጋራ ብዪ» አለቻት። ልጅቱ ተቀመጠች፤ ሌላ ሰው ያበሰለውን ትኩስ ቁርስ በላች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጧት የእርሷ ነው፤ አንዳንድ ቀን ትተኛበታለች፥ አንዳንድ ቀን ሒሳቧን ትሠራበታለች።

አንባቢ ሆይ፤ በየታላላቁ ቤት ገበታው ሲቀርብ የሚታየው ምግቡ ነው፤ ምግቡን ለማቅረብ ጨለማ ሳለ የተነሣው ሰው ግን አይታይም። አንዱ ቤት የእኅት ዕንቅልፍ፥ አንዱ ቤት የሚስት፥ አንዱ ቤት የአንዲት ተማሪ ልጅ ዕንቅልፍ በየጧቱ ወደ ምድጃው ይገባል። ያደረ ዳቦ፥ 8 እንቁላልና የማታ ግማሽ ሰዓት ይህን ሁሉ አይለውጡም፤ ሆኖም በሳምንት አንድ ጧት ያተርፋሉ። ስለዚህ የዛሬው ዳቦ ከእራት ሲተርፍ፥ እመቤቶችም ጌቶችም አትጣሉት። ትሪውን አውጡና ልጆቻችሁን ጥሩ፤ በቤታችሁም ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ማን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ፥ ነገ እርሱ የመጨረሻው እንዲሆን አድርጉ።