በመንገድ የበላኋት ቂጣ

ዛሬ ስለ ምግብ ልጽፍ ነው። መጨረሻው ግን ኑዛዜ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የእኛ ፋሲካና የቤተ እስራኤሎች ፋሲካ አንድ ሳምንት ላይ ገጠሙ። ያኔ የምንኖረው ጎንደር ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። የጎረቤታችን የእትዬ (ስማቸው ይቆየኝ) ዘመዶች በ1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ አብረው ሄደዋል። እሳቸው ተራ ይጠብቃሉ። በበዓሉ ጠዋት እማዬ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ለእሳቸው ላከችኝ።

እትዬ ዳቦውን አልነኩትም። «ልጄ፣ ሰባቱን ቀን እርሾ ያለበት ነገር ቤታችን አይገባም። እናትህ እንዳትቀየመን ንገራት» አሉና ከምጣድ የወጣች ትኩስ ቂጣ ለእማዬ ብለው ጠቅልለው ሰጡኝ። እኔ ቂጣዋን መንገድ ላይ በላኋት። ቤት ስደርስ፣ እንዳልያዝ፣ «አልፈልግም አሉ» ብዬ ዳቦውን አስቀመጥኩ።

ድሮም በሰፈሩ በቤተ እስራኤሎች ላይ የሚወራ ክፉ ወሬ ነበር። እማዬ እሱን ሰምታ እንዳልሰማች የምታልፍ ሰው ነበረች። የዚያን ቀን ግን «ናቁኝ» አለች። ቡናው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ እትዬ ሲሄዱ እንኳን አልተሰነባበቱም።

አሁን እዚህ አቦቦ በየዓመቱ የእነሱ ፋሲካ ሲደርስ የእትዬን ማዕድ እሠራለሁ። ቀላል ነው፣ ይጣፍጣል፤ ሞክሩት።

ቂጣው፦ የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ ትንሽ ጨው። ምጣዱን አስቀድማችሁ አግሉት። በአይሁድ ሕግ ውሃ ዱቄቱን ከነካ በኋላ 18 ደቂቃ ሳይሞላ መጋገር አለበት፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ቦካ ይቆጠራል። ስለዚህ ስልክ አታንሱ! ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ የሚቦካበት ጊዜ ስላላገኙ ነው ነገሩ።

ዓሣው፦ ከአልዌሮ ቆሮሶ ፈልጉ። አምባዛ አይሆንም፤ ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው የሚፈቅደው፣ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። ቆሮሶውን ጎን ጎኑን ብጡት፤ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ እሹት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ዱቄት ሳትነሰንሱ በጋለ ዘይት ጥበሱት። ከላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ አቁላልታችሁ አፍስሱበት። ሕጉን ጠንቅቆ ለሚጠብቅ ድስቱና ምጣዱም ለፋሲካ የተለየ መሆን አለበት። የእኔ ማስታወሻ ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም።

ዘንድሮ ቂጣውን ስጋግር አልቻልኩም፣ እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መልእክቱንም፣ ቂጣዋንም። እቆጣለሁ ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ትኩስ ነበረች?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ እማዬ።»

«ለእኔ ነበር የጋገረችው» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ተማሪዎቼ፣ መልእክት ተሰጥቷችሁ ግማሹን አታስቀሩ። ያስቀራችሁት ግማሽ ሃያ ምናምን ዓመት ሊያስኮርፍ ይችላል።

ኔታኒያም ሆነ አሽዶድ ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ ታሪኩን የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እማዬ ቡና አፍልታ በስልክም ቢሆን ልታወራቸው ትፈልጋለች።