ሳይሰናበቱ መሄድ

ወደ ኬንያ ስንሄድ እኔም ባለቤቴም የያዝነው ሙያ አንድ ነበር፤ መምህርነት። እሱ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምራል፤ እኔ ለታችኛው ክፍል ልጆች ንባብና ጽሕፈት። የአጥቢያችን ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልን፣ ምእመናኑ በእንባ ሲያሰናብቱን፣ ሁላችንም የምናስበው ስለ ክፍልና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበር። ያ ሥራ አልቀረም፤ ለዓመታት ሠርተነዋል፤ ጌታ ይመስገን፣ ፍሬውንም አይተናል። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ባስተማርንበት አዳሪ ትምህርት ቤት እኛው ራሳችን ስለተማርነው ነገር ነው፤ ልጅ እንዴት እንደሚሸኝ።

ትምህርት ቤቱ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ፣ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። ብርዱ የአዲስ አበባን ሐምሌ ያስታውሳል። ጠዋት ጉም ግቢውን ይሸፍነዋል፤ ረፋድ ላይ ሲገፈፍ የሎንጎኖት ተራራ ከታች አፉን ከፍቶ ይታያል። ገደሉን በሚወርደው አሮጌ መንገድ ዳር የጣሊያን ምርኮኞች በ1942 እ.ኤ.አ. የሠሯት ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። መንገዱን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ በእኛ አገርና በሶማሊያ በተደረገው ውጊያ ተማርከው ወደ ኬንያ ከተወሰዱት ወገን ናቸው። በዚያች ቤተ ጸሎት በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣ ከአገሩ ርቆ የሚጸልይበት ቤት የሚሠራ ሰው ምን እያሰበ ይሆን እያልኩ እገረም ነበር።

በዚያው አፋፍ፣ ኪጃቤ ላይ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ስመ ጥሩው ሪፍት ቫሊ አካዳሚ ይገኛል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 እ.ኤ.አ. የአንዱን ሕንፃ የማዕዘን ድንጋይ አኑረውለታል። የእኛው በመጠንም በዕድሜም ከእሱ ያንሳል፤ ዓላማው ግን ያው ነው። ትምህርት ቤት በሌለበት ገጠር ወይም ሰላም በራቀው አገር የሚያገለግሉ ሚስዮናውያንን ልጆች ተቀብሎ ያስተምራል። ልጆቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎ፣ ከቻድ፣ ከሰሜን ኬንያ በረሃ ይመጣሉ፤ ፓስፖርታቸው የኮሪያ ወይም የአሜሪካ ይሆናል። «አገርህ የት ነው?» ሲባሉ የጠያቂውን ፊት አይተው መልስ የሚመርጡ ልጆች ናቸው።

ሦስት ወር ይማራሉ፣ አንድ ወር ያርፋሉ። በየተርሙ መጨረሻ መኪኖች በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ሻንጣ ይጫናል። አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም። የወላጆቹ የአገልግሎት ዘመን ያልቃል፣ ወይም ቪዛ ይከለከላሉ፣ ወይም አያት ትታመምና ቤተሰቡ ጠቅልሎ ይሄዳል። መምህራኑም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ዓመት አገልግለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በዚያ ግቢ ሁልጊዜ የሚሄድ ሰው አለ።

ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ አዲስ የመጣችውን የክፍል ጓደኛዋን ለምን ቤት እንደማትጠራት ጠየቅኋት። «ለአንድ ዓመት ነው የመጡት እኮ፣ እማዬ፤ ትሄዳለች» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ አላዘነችምም። ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ የተሰጣ ልብስ እንደሚያስገባ ሰው ነበር አነጋገሯ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ብዙ ቆይቶ «እኔም ክፍል ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ እንደዚያ ናቸው» አለ። ሁሉንም በትሕትና ያናግራሉ፣ ማንንም አይጠጉም። እኛ ጨዋነት ነው ብለን እናመሰግናቸው ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2012 ዓ.ም. መጣ። በ4ኛው ቀን ኬንያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በ6ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ፤ አዳሪዎቹ እስከ መጋቢት 9 ተማሪዎቻቸውን እንዲያሰናብቱ ተባለ። መጋቢት 16 ዓለም አቀፍ በረራ ቆመ። በመካከሉ ያለውን ሩጫ መግለጽ ይከብደኛል። አንድ ልጅ ምሳ እየበላ ተጠርቶ በዚያው ሄደ። ከአንደኛ ክፍል አንሥቶ አንድ ዶርም ያደጉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ አንዱ ሲኡል አንዱ ቴክሳስ ገብተው በስልክ ነው የተሰነባበቱት።

ባለቤቴ በወንዶቹ ዶርም ልጆቹን እንደ አባት የሚጠብቅ የማደሪያ ወላጅ ስለነበር፣ የቀረውን ዕቃ መሰብሰብ በእኛ ወደቀ። ካርቶን ይዘን ክፍል ለክፍል ዞርን። ያልታጠበ የእግር ኳስ ማሊያ፣ የተጀመረ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ክር የጎደለው ጊታር። አንዱ አልጋ ላይ ብርድ ልብሱ ተነጥፎ፣ ፒጃማው ትራሱ ላይ ተጣጥፎ ነበር፤ ማታ ሊተኛበት ያሰበ ልጅ እንዳነጠፈው ነው። የአንደኛው ክፍል በር መቃን ላይ የልጆቹ ቁመት በየዓመቱ በእርሳስ ተሰምሯል፣ ከጎኑ ስምና ቀን አለ። ባለቤቴ በማርከር ካርቶኖቹ ላይ ስም ሲጽፍ ቆይቶ መቃኑ ጋ ሲደርስ ማርከሩን ከደነና መሬት ተቀመጠ። «ዕቃውን እንልክላቸዋለን፤ ይሄን በምን እንልከዋለን?» አለኝ።

በዚያ ዝምታ በበዛበት ጊዜ ነው ማንበብ የጀመርነው። ዴቪድ ፖሎክና ሩት ቫን ሪከን በ1999 እ.ኤ.አ. በወላጆቻቸው አገርና በሚኖሩበት አገር መካከል ስለሚያድጉ ልጆች መጽሐፍ አሳትመዋል። ቫን ሪከን እራሷ የሚስዮናውያን ልጅ ናት፤ ናይጄሪያ ነው ያደገችው። ፖሎክ ከመሄድ በፊት አራት ነገር መደረግ አለበት ይላል። የተቀያየሙት ይቅር ይባባሉ፤ ባለውለታ ይመስገን፤ ሰውንም ቦታንም ዕቃንም መሰናበት ይገባል፤ ስለሚሄዱበትም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። አንብቤ ስጨርስ አያቴ ትዝ አለችኝ። ከጎረቤት ጋር የተኳረፈ ሰው ሳይታረቅ መንገድ አይወጣም ነበር፣ እሷ ባለችበት። ስንቅ ትቋጥራለች፣ ትመርቃለች፣ ወንዙ ድረስ ወርዳ ትሸኛለች። እንግዳን በር ላይ ቆሞ እጅ አውለብልቦ መመለስ ለእሷ ነውር ነው። ከቤታችን ይዘን የወጣነው ነገር ኖሯል፤ ለልጆቹ ይጠቅማል ብለን አላሰብነውም ነበር እንጂ።

ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ቡና ማፍላት ጀመርን። ፈንዲሻ፣ ሣር፣ ዕጣን፤ ዕጣኑን ከናይሮቢ ኢስትሊ ነበር የምናስመጣው። በዚያ ተርም የሚሄድ ልጅ ካለ ቡናው የእሱ ነበር። የበደለው ካለ ጠርቶ ይነጋገራል። የወጥ ቤት ሠራተኞቹን፣ ዘበኛውን፣ ልብስ የሚያጥቡትን እናት በየቦታቸው ሄዶ ያመሰግናል። የሚወደው ዛፍ ካለ እስከዚያ አብረነው እንሄዳለን። ሦስተኛው ቡና ሲጠጣ ባለቤቴ ይመርቀዋል፣ ልጆቹ «አሜን» ይላሉ፣ የኮሪያዎቹም ጭምር። ሲሄድ ሁላችንም ከግቢው ወጥተን አስፋልቱ ድረስ እንሸኘው ነበር።

ይህ ያልተዋጠላቸው ባልደረቦች ነበሩ። ልጆቹን ያለ ምክንያት ታስለቅሳላችሁ፣ ቁስል ትነካካላችሁ አሉን። የሚሉት ከፍቅር ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ አልስማማበትም ግን። ያላለቀሰ ልጅ አልተጎዳም ማለት አይደለም። የሚስዮናውያን ልጆች ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው፤ አባታቸውን የወሰደባቸው የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ እግዚአብሔርን ደግሞ ማን ይከሰዋል? ስለዚህ ዝም ይላሉ። መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ግን ፈጣሪ ለቅሶም እሮሮም እንደሚሰማ ያውቃል፤ ከመዝሙሮቹ ብዙዎቹ እሮሮ ናቸው። ልጆቹን ካስተማርኳቸው ሁሉ ይህን ማስተማሬ ደስ ይለኛል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር። የኬንያ ፋሲካ ከሳምንት በፊት አልፏል፤ እኛ በአገራችን አቆጣጠር ዶሮ እየሠራን ነው። ወላጆቹ ካርቱም የሚያገለግሉ የአሥር ዓመት ልጅ ዕረፍቱን እኛ ጋ ነበር የሚያሳልፈው፣ በሳምንቱ ሊሄድ ትኬት ተቆርጦለታል። ያን ዕለት ጠዋት ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ወላጆቹ ከብዙ ቀን በኋላ በፖርት ሱዳን በኩል በመርከብ ወጡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም። ቤቱ ግን እዚያው ቀረ።

ልጁ ምንም አላለም። ይበላል፣ ይጫወታል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። አንድ ማታ ባለቤቴ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶት፣ «ቤታችሁን አይቼው አላውቅም፤ ከውጭው በር ጀምረህ አስገባኝ» አለው። ሣለው። መጀመሪያ የብረቱን በር፣ ከዚያ የሎሚውን ዛፍ፣ ጄኔሬተሩን፣ ውሻው የሚተኛበትን ጥላ። ክፍሉ ሲደርስ እርሳሱን አቆመና «እዚህ ጋ የእኔ መጻሕፍት አሉ» አለ፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራ፤ ከዚያ አለቀሰ። ባለቤቴ ጠረጴዛውን ዞሮ አቀፈው። እኔ ዶሮ ወጡን አሞቅሁ፤ ሦስታችንም በላን።

በአገራችን ታሪክ ሳይሰናበቱ የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ከቀዬዋ በባርነት ተወስዳ በ1886 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች የባሪያ መርከብ ሲያስቆሙ ነፃ ወጣች፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ሆና የሕዝቧን ዘፈኖች፣ ተረቶችና እንቆቅልሾች በመቶዎች ጽፋለች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሳ መምህር ሆነች። ያ ልጅ የብረት በሩን ሲሥል የማስበው እሷን ነበር። እሷም ከእጇ የተነጠቀውን ቤት በወረቀት ላይ ይዛ ቆይታለች ብዬ አምናለሁ።

እኛ ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው አምና ነው። ልጃችን ከመነሣታችን በፊት ግቢውን ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ዞራ ተሰናበተች፤ ያቺ «ትሄዳለች» ያለቻት ልጅ አልነበረችም፣ ከእሷ በኋላ ያገኘቻት ናት። እዚህ ከመጣን ወዲህ ዘመድ ሁሉ «እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ!» ይላታል። ፈገግ ትላለች። የእሷ ቤት ጉም ያለበት አፋፍ መሆኑን የሚጠይቃት ሰው ጥቂት ነው።

ቤተሰብ ለአገልግሎት ወደ ውጭ የምትልኩ አጥቢያዎች፣ እለምናችኋለሁ። ወላጆቹን መድረክ ላይ አውጥታችሁ ስትጸልዩላቸው ልጆቹንም በየስማቸው ጥሩ። አያታቸውን፣ የሰንበት ትምህርት መምህራቸውን፣ ጓደኞቻቸውን የሚሰናበቱበት ጊዜ ስጧቸው፤ ጉዞው አንድ ሳምንት ቢዘገይ ወንጌል አይዘገይም። ሲመለሱም «ናፈቀሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ቁጭ ብላችሁ ስሙ።