በረንዳ ላይ የሚገጠም ቴስታ

ሞተር መፍታት ማንንም አያቅትም። መፍቻ የያዘ ጎረምሳ ሁሉ ይፈታል። ሰው የሚለየው ሲገጥም ነው፤ ያውም ከመግጠሙ በፊት ባለው አሰልቺ ሰዓት፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን በምላጭ ሲፍቅ። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ነው፤ ምላጩ ጋደል ካለ ይጫራል፣ በዚያች ጭረት ደግሞ ዘይት መንገድ ያገኛል። ይህን ድካም በሲሊኮን የሚዘሉ ሞልተዋል። ዙሪያውን ለቅልቀው ያስሩታል፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ የዘይት ቀዳዳ ቢዘጋ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በዚህ አልደራደርም።

በረንዳዬ ላይ የተበተነችው ቻይና ሠራሽ 125 ናት። ዘይት መጠጣት ጀምራ፣ በማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ነበር። ታንከሯ ላይ የተለጠፈው ስም ምንም ይሁን፣ ሞተሯ የሆንዳ ሲጂ 125 ቅጂ ነው። ሲጂ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የሆንዳ የብራዚል ፋብሪካ፣ ማናውስ ላይ፣ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው በእሷ ነበር። ሆንዳ ያን ጊዜ ካም ሻፍትን ቴስታ ላይ አውጥቶ በሰንሰለት ማዞር የተካነ ኩባንያ ነው። ለሲጂ ግን ሆን ብሎ የድሮውን መንገድ መረጠ፤ ካም ሻፍቱን ታች አስቀምጦ በጥርስ አዞረው፣ ቫልቮቹን በሁለት ቀጫጭን ዘንግ አስገፋ። ምክንያቱ እኛ ነን። ዘይት በወቅቱ የማይቀይር፣ አቧራ ለአቧራ የሚነዳ፣ እስክትቆም የማይነካት ባለቤት ታስቦ ነው የተሠራችው። ስድብ ነው ካላችሁም ስድብ ነው። እኔ ግን በረንዳ ላይ ተጠቀምኩበት፤ ሰንሰለት ስለሌለ ቴስታው ሲነሳ የካሙ ጊዜ አይዛባም።

አዲሶቹን ፋሻዎች ፒስተኑ ላይ ከማስገባቴ በፊት አንድ በአንድ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ከትቼ፣ በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርጌ ገፋሁና የጫፋቸውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካሁ። ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሆናል። ክፍተቶቹ በ120 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ከተሰለፉ ግፊቱ በዚያው ሾልኮ ይወርዳል። ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያገናኘውን ፒን የሚይዙት የሽቦ ቀለበቶች ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። ከፒንሳ ሲስፈነጠሩ የሚመርጡት ቦታ ሁልጊዜ የሞተሩ ክፍት አፍ ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቀጠቅበት። አሮጌዎቹም አይመለሱም።

ሲሊንደሩን ለማውረድ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁ። ፋሻዎቹን በጥፍሬ እየተጫንኩ፣ እሱ ሲሊንደሩን በቀስታ ሲያወርድ፣ መሃል ላይ ያዝ አደረገው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልምታው?»

«ኧረ መዶሻውን ወዲያ! ያዝ ካለ ፋሻ ነክሷል ማለት ነው። መልሰህ አንሳው።»

አነሳው፤ ፋሻውን ሰበሰብኩለት፤ በሁለተኛው ሸርተት ብሎ ገባ። የቴስታውን አራት ዳዶዎች በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ፣ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ አጠበቅኩ። የቫልቮቹ ክፍተት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ስለሆነ የሚስተካከለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ስትነሳ መጀመሪያ ጨሰች፤ ሲሊንደሩን የቀባሁት ዘይት ነው፣ አትደንግጡ። ጥቂት ከነዳኋት በኋላ ዘይቱን ሳወርድ ባለቤቴ መጣች።

«ገና አሁን የሞላኸው ዘይት ይደፋል እንዴ?»

ጣሳውን ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረግኩላት። የፋሻውና የሲሊንደሩ ብናኝ ብልጭልጭ ይላል።

«በል ድፋው» አለችኝ። «ጣሳዬን ግን አጥበህ መልስ።»