ቆሎ ተማሪውና ደረሳው

ባሕር ዳር ውስጥ ከፋሲሎ ሠፈሮች እስከ ዘጌ መንገድ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የልጅ ድምፅ ከደጅ ይሰማል። ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ በትር የያዘ የቆሎ ተማሪ ነው። አገሩን ጥሎ የመጣው ዳዊት ለመድገም፣ ዜማ ለማጥናት ወይም ቅኔ ለመቁጠር ነው። ከጓደኞቹ ጋር በቀለሳት ጎጆ ያድራል፤ ሰው የሰጠውን ቁራሽ በልቶ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል።

ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ለድጓው ጋይንት ቤተልሔም፣ ለቅኔው ዋሸራና ጎንጅ እየተባለ ተማሪው ዓመታትን በእግሩ ይጓዛል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት በዚሁ ሥርዓት ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ደግሞ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ወንበራቸውን ወርሰው፣ በጎጃም ብዙ ወንዶችን አስተምረዋል። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት አትገባም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ከጣና ወደ ምሥራቅ ወሎ ሲዘለቅ ኑሮው ያው ነው፤ ሃይማኖቱ ይለያል። የእስልምናው ተማሪ ደረሳው ሉሑን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ይዞ ቁርኣን ይቀራል፤ ከዚያ ፊቅህና ነሕው (የእስልምና ሕግና የዐረብኛ ሰዋስው) የሚያስቀሩ ሸኽ ፍለጋ ከመንደር መንደር ይዞራል። በየጁ እንደ ዳና ያሉ የዕውቀት መንደሮች ደረሶችን ከሩቅ የሳቡ ናቸው። የሚያበላውም ሠፈሩ ነው። ሸኽ ጠልሃ ጃዕፈር በዐረብ ፊደል የጻፉት የአማርኛ መንዙማ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲነገር ግን ስማቸው እምብዛም አይነሣም። ሊነሣ ይገባ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአማራ ክልል ሕዝብ 82 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17 ከመቶው ገደማ ሙስሊም ነበር። የሁለቱም ልጆች በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር ይጋራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ድንጋጌው ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ የአንዱ ልጅ ጸሎት በሌላው ላይ ሊጫን አይገባም።

ችግሩ ሌላ ነው። የሃይማኖት ጉዳይ ነው ተብሎ የቆሎ ተማሪውና የደረሳው ጤናም አብሮ ይረሳል። በተጨናነቀች ጎጆ ቅማል ይራባል፤ ቅማሉ ግርሻን ያመጣል። ግርሻ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ሆኖም ወላጁ ሩቅ የሆነ ልጅ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ሰው ያጣል። ከተማው ሲሰፋም ለማኙ ልጅ የሚቆምበት ደጅ እየጠበበ ሄዷል፤ በጥበቃ ከተዘጋ ግቢ ፊት የሚጮኸውን ማን ይሰማዋል? የሠፈር እንጀራ ያቆመው ትምህርት፣ ሠፈሩ በሩን ሲዘጋ ይራባል።

ስለዚህ በአቅራቢያችሁ የአብነት ትምህርት ቤት ወይም ቁርኣን ቤት ካለ፣ ሄዳችሁ የኔታን ወይም ሸኹን ጠይቁ። ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ ማድረሻ ይጎድል ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ እነዚያን ጎጆዎች አይለፏቸው።