«የመሸበት እንግዳ ነኝ»

ባለፈው ክረምት አምበር፣ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት ይህች ከተማ በሐምሌ ጭቃና ጉም ናት። ለአንድ መጽሔት የማደርሰው ጽሑፍ ስለነበረብኝ ላፕቶፔን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኝቼ ምድጃው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ ቸኩያለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

አንድ ቃለ ምልልስ ለማየት ስሞክር «የቪዲዮ ማጫወቻዎ አርጅቷል፤ እዚህ ተጭነው ያድሱ» የሚል መስኮት ድንቅር አለብኝ። ተጫንኩ። የወረደውንም ከፈትኩ። ቪዲዮው አልመጣም፤ ብራውዘሬ ግን ከዚያ ወዲያ የእኔ መሆኑ ቀረ። ስከፍተው የማላውቀው መፈለጊያ ገጽ ይቀበለኛል፤ አንድ ነገር ስፈልግ የማስታወቂያ መንጋ መካከል ይጥለኛል። የባንኬን ስም ጽፌ የመጣልኝን የመጀመሪያ መስመር ተጫንኩ። የይለፍ ቃሌን ግማሽ ከጻፍኩ በኋላ ነው ዓይኔ ወደ አድራሻው የሄደው። የባንኬ አልነበረም። እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ።

ገንዘቡስ ይሁን፤ ያለኝም ያን ያህል አይደለም። ያስደነገጠኝ ኢሜይሌ ነው። «ስማችንን እንዳትጠቅሽ» ብለው የልባቸውን የነገሩኝ ሰዎች ደብዳቤ እዚያ ውስጥ አለ።

ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. እንዳጋለጠው፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ከ2016 ጀምሮ በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው ነበር። ሊንኩ የታወቀ የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ ይወስዳል፤ ገጹም «መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽን አድሱ» ይላል። አብሮ የሚወርደው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። ከታለሙት አንዱ፣ በወቅቱ ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመራ የነበረው ጃዋር መሐመድ፣ ነገሩ ቢያጠራጥረው ኢሜይሉን ለአጥኚዎቹ አስተላለፈው። አዶቤ ራሱ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ስላቆመው፣ ዛሬ «ፍላሽን አድሱ» የሚል ሁሉ ሐሰተኛ ነው።

የእኔው ሌባ ምናልባት ተራ የማስታወቂያ ነጋዴ ይሆናል። የገባበት በር ግን ያው ነው።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሄጄ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ወጣት አገኘሁ። ያወረድኩትን ፕሮግራም አጠፋ፤ ብራውዘሩ ላይ የተለጠፉትን የማላውቃቸውን ሁለት ተቀጥላዎች ነቀለ፤ ቅንብሩንም ወደ ቀድሞው መለሰ። የይለፍ ቃሎቼን በሌላ ኮምፒዩተር አስቀየረኝ። «ከእንግዲህ ማደስ ስትፈልጊ ከብራውዘሩ ከራሱ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ አድሽ፤ የባንክሽንም አድራሻ በእጅሽ ጻፊ» አለኝ።

ማታ ለአጎቴ ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። «የማውቀውን መስሎ መጣና ክፈችልኝ አለኝ፤ ከፈትኩለት፣ ጋሼ» አልኩት።

«አንች ልጅ፣ ‹ማነህ?› ሳትይው?» አለኝ።

አጎቴ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ የተጣራ ሰው መልሶ አያውቅም። ግን በሩን ሳይከፍት ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ ልቡን ካሳረፈው በኋላ ነው ውሻውን አስሮ «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው። በዚህ ጥያቄ የተቀየመ እውነተኛ እንግዳ አላየሁም።

እኔም አሁን «አድሱ»፣ «ፍቀዱ» የሚል መስኮት ብቅ ሲል እጄን እይዛለሁ፤ መጀመሪያ አድራሻውን አነባለሁ። ጽሑፌ ለዚያ ወር ሳይደርስ ቀረ። ያመኑኝን ሰዎች ግን አንድ በአንድ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።